ሳሪስ አቦ ዳገት ላይ የሰበርኩት ጓጉንቸር

«አሁንስ ዕረፊ» ይሉኛል። ጎረቤቱም፣ የእድሩ ሰብሳቢም፣ የገዛ ልጄም፣ ተማክረው የመጡ ይመስል ቃላቸው አንድ ነው። ከምን እንደማርፍ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። ጡረታ የወጣው ደሞዜ ነው። እጄ አልወጣም፣ ጆሮዬም አልወጣም፣ አፌማ ጭራሽ የሚወጣ አይመስለኝም።

የስንብቴ ዕለት በፋብሪካው አዳራሽ ኬክና ለስላሳ ቀረበ። የልጄ እኩያ የሆነ ኃላፊ ተነሥቶ «እናታችን ወይዘሮ አስካለ በሴት አቅማቸው ይህን ሁሉ ዘመን ከባድ መኪና ሲጠግኑ…» ብሎ ጀመረ። እስኪጨርስ ልታገሠው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። «የኔ ልጅ፣ አቅም ሴትና ወንድ የለውም። ረጅም መፍቻና አጭር መፍቻ ነው ያለው» አልኩት። ሰው ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ቀጥሎ ሙያው አሁን በኮምፒዩተር መሆኑን፣ የእኛም ዘመን በክብር መዘጋቱን ተናገረና ጋቢ አለበሱኝ። ጋቢው ጥሩ ነው፣ አልዋሽም።

ኮምፒዩተር አልጠላም። ቃሊቲ መንገድ ዳር ባሉት አዳዲስ ጋራዦች ልጆቹ ገመዱን ሰክተው የመኪናውን ሕመም ከመስታወት ላይ ሲያነቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ ደስ ይላል። በእኛ ጊዜ ቢኖር ኖሮ እኔም ከእጄ አልለየውም ነበር። እኔን ያናደደኝ «ተዘጋ» የሚለው ቃል ነው። ማን ዘጋው? በምን ቁልፍ? ነገር የሚዘጉ ሰዎችን እኔ ከዱሮ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ።

ቤቴ ከማረሚያ ቤቱ ብዙም አይርቅም። እስረኛ ጠያቂው የምግብ ሳህኑን በፌስታል ቋጥሮ በደጄ ያልፋል፤ መኪናው እምቢ ያለው ደግሞ ከሱቆቹ ጠይቆ እኔ ዘንድ ይመጣል። የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው በግቢዬ የብረት በር ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር ነው። ትልቅ፣ ወፍራም፣ አንገቱ የተሰበረ ጓጉንቸር። «እትዬ፣ ይሄ ምን ይሠራል?» ይሉኛል። ምንም አይሠራም። ግን ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

የተወለድኩት አቃቂ ነው። አባቴ በጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ ስለነበሩ ክንዳቸው አንዳንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንዳንድ ቀን ቀይ ሆኖ ቤት ይገቡ ነበር። ተምሬ ቢሮ እንድገባላቸው ይመኙ ነበር፤ እኔ ግን ግሪስ መረጥኩ። የሙያ ትምህርቴን ስጨርስ ቃሊቲ አንድ የመንግሥት ጋራዥ ተመደብኩ። ኃላፊው ከእግር እስከ ራስ አዩኝና «ለምን ዕቃ ግምጃ ቤት አትገቢም? ንጹሕ ሥራ ነው፣ ወንበርም አለው» አሉኝ። ወንበር እንደማልፈልግ ነገርኳቸው። «እሺ፣ እናያለን» አሉ። እሳቸው እዚያው ወንበራቸው ላይ ቀሩ፤ እኔ ግን አሳየኋቸው።

በሴት ልክ የተሰፋ ቱታ አልነበረም። የወንድሜን ለብሼ እጅጌውንና እግሩን ጠቅልዬ እገባ ነበር። ወንዶቹ ሞተር ሊከፍቱ ሲሰበሰቡ «አስካለ፣ እስኪ ሻይ አምጪልን» ይላሉ። አንድ ቀን አመጣሁ። አመጣሁና እፊታቸው የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ ራሴ ጠጣሁት። ከዚያ ወዲያ ማንም አልላከኝም። ያን ዕለት ከመኪና ሥር ተኝተው ሆዳቸውን ይዘው የሳቁት ጋሽ ተድላ ነበሩ። ከሥር ወጥተው «ነገ ከእኔ ጋር ነሽ» አሉኝ፤ በቃ፣ ሙያዬ ከዚያ ቀን ይጀምራል።

ጋሽ ተድላ የባቡር ልጅ ናቸው። ልጅነታቸውን ያሳለፉት አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ የባቡር ጥገና ሠራተኞች መሐል ነው። እንግዳ የሆነ አመል ነበራቸው። ሰው ሁሉ እጁን የሚታጠበው ከሥራ በኋላ ነው፤ እሳቸው ከሥራ በፊት ይታጠቡ ነበር፣ በሳሙና፣ ጥፍራቸውን ሳይቀር። «የቆሸሸ ጣት ውሸታም ነው፤ ስንጥቁን ለስላሳ ነው ብሎ ይነግርሻል» ይሉኝ ነበር። ሁለተኛው አመላቸው፣ ምንም ዓይነት መኪና ይምጣ፣ ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት የነዳጁን ታንከር ክዳን ከፍተው አፍንጫቸውን እዚያ ይደቅናሉ። ናፍጣው ውሃ ገብቶበት እንደሆነ፣ ከላምባ ተቀላቅሎ እንደሆነ በጠረኑ ያውቃሉ። ሾፌሮቹ ሲስቁባቸው «ሐኪም ምላስህን አውጣ ሲልህ ትስቃለህ?» ይሉ ነበር። ይህን ክዳን አደራ፣ እንዳትረሱት።

ከእሳቸው ጋር ካየሁት ሁሉ የማይረሳኝ የሳሪሱ እህል ነጋዴ ፒክአፕ ነው። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ከኋላ ይንኳኳል። የሄደበት ጋራዥ ሁሉ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፈረንሻሉ ነው፣ ተፈትቶ መቀየር አለበት ብሎታል። ሰውዬው ፊቱ ገርጥቶ መጣ። ጋሽ ተድላ ታጠቡ፣ ታንከሩን አሸተቱ፣ «ቀስ ብለህ ንዳ» ብለው ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጥተው ቁጭ አሉ። ሁለቴ ግቢውን ከዞሩ በኋላ ወርደው የኋላውን በር ሽፋን በካቻቢቴ ፈለቀቁት። አንዲት የቢራ ቆርኪ ከብረቱና ከብረቱ መሐል ወጥታ መሬት ላይ ተንከባለለች። ነጋዴው ደስ ይለዋል ስል ተቆጣ። «ለዚች ነው እንቅልፍ ያጣሁት?» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ተድላ ቆርኪዋን አንሥተው ሰጡትና «ዲፈረንሻል ቢሆን ይሻልህ ነበር?» አሉት። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ለትልቅ ጭንቀት ትንሽ ምክንያት ስትሰጪው ሰው ይቀየማል። ልመጂው» አሉኝ። ለመድኩት። ግን እስኪለመድ ያማል።

ከዓመታት በኋላ ወደ ትውልድ ሰፈሬ ተዛውሬ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ጋራዥ ገባሁ። ፋብሪካው ሠራተኛ የሚያመላልሱ ሰርቪስ አውቶቡሶች ነበሩት። ከሾፌሮቹ አንዱ ቶሎሳ ነው። ቶሎሳ የአቃቂ ልጅ ነው፤ ከፋብሪካው በፊት የነበረችው አቃቂ ልጅ ማለቴ ነው። ጋራዡ የቆመበት መሬት ላይ አባቱ ሽምብራና ጤፍ ያበቅሉ ነበር። መሬቱ ሲሄድ ለልጃቸው ሥራ ተሰጠ፤ መጀመሪያ ጥበቃ ሆነ፣ ቀጥሎ ሾፌር። ዝምተኛ ሰው ነው። አውቶቡሱን እንደ በሬ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ ነው የሚያስነሣው።

በዚያ ጊዜ ግቢው ውስጥ ናፍጣ ይጠፋ ነበር። ይህ እውነት ነው። የስምሪት ኃላፊው አቶ ደምሴ ነበሩ፤ የትኛው መኪና የት እንደሚሄድ፣ ምን ያህል ናፍጣ እንደሚቀዳ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከላይ «ናፍጣው የት ገባ?» እያሉ ቁም ስቅላቸውን ሲያሳዩአቸው መላ የጠፋባቸው ሰው ነበሩ። መላ የጠፋበት ሰው ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ ሰው ይብሳል።

አንድ ሰኞ አዲስ ነገር ይዘው መጡ። አቃቂ ካለ ብረት ሠሪ ዘንድ ያሠሩት የታንከር ክዳን ነው። ወፍራም ላሜራ፣ ከሥሩ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ የተለጠፈበት፣ ጎኑ ላይ የጓጉንቸር ማስገቢያ ያለው። «ጠብታ አይወጣም!» አሉ በኩራት። ለሙከራ የተገጠመው ከሁሉም ሩቅ በሚሄደው አውቶቡስ፣ በቶሎሳው ላይ ነበር። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም በአቶ ደምሴ ኪስ። አውቶቡሱ ከመውጣቱ በፊት ይከፍታሉ፣ ናፍጣውን በእንጨት ይለካሉ፣ ይቆልፋሉ፣ ይሄዳሉ።

ብዙም ሳይቆይ አውቶቡሱ መሞት ጀመረ። ማታ ሠራተኛ ጭኖ ከአቃቂ ይነሣል፣ ቃሊቲን በደህና ያልፋል፣ ሳሪስ አቦ ዳገቷ ላይ ሲደርስ ያስነጥሰዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥ ይላል። ለረጅም ጊዜ ከቆመ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ጋራዥ ሲመጣ ጤነኛ ነው። ቃሊቲን ዞረን እንመለሳለን፣ ጤነኛ ነው። ማታ ዳገቷ ላይ ይሞታል።

እንግዲህ ሁሉም የራሱን ምክንያት አገኘ። ተሳፋሪዎቹ ነገሩን ለአቦ ሰጡት፤ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሲደርስ መቆሙ ያለ ነገር አይደለም፣ ሳይሳለም ስለሚያልፍ ነው አሉ። ቶሎሳ መሳለም ጀመረ፤ ሬዲዮም ዘጋ። አውቶቡሱ ግን ተሳልሞም ይቆማል። አቶ ደምሴ ደግሞ ነገሩን ለቶሎሳ ሰጡት። «እስከ ዛሬ ደህና ነበር። ታንከሩ ሲቆለፍበት ነው የቆመው። መስረቅ ሲያቅተው በእልህ እያቆመው ነው» አሉ። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» የሚለውን ተረት በየቢሮው እየዞሩ ተረቱበት። ወሬ እግር የለውም ግን ይሮጣል፤ ሳምንት ሳይሞላ ቶሎሳ ሰላምታ ሲሰጥ የሚመልስለት ጠፋ። ሰፈር ውስጥም «የናፍጣ ሌባው» ተባለ። ልብ በሉ፣ አባቱ ያረሱት መሬት ላይ ነው እንዲህ የሚባለው።

እኔም የራሴ ምክንያት ነበረኝ፤ የእኔ ፓምፑ ነው። መንገድ ላይ ሄጄ ፊልትሮውን ፈትቼ ሳየው ናፍጣ አልደረሰውም፤ ስለዚህ ናፍጣውን ከታንከር የሚስበው ፓምፕ ደክሟል ብዬ ፈረድኩ። እጄን ታጥቤ ፈታሁት፣ በአዲስ ቀየርኩት፣ ከታንከር ጀምሮ ያለውን ቱቦ ሁሉ አንድ በአንድ ነፍቼ አጸዳሁ። የጋሽ ተድላን የመጀመሪያ ነገር፣ ክዳን ከፍቶ ማሽተቱን ግን አላደረግኩም። ክዳኑ የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ እንዲህ ሆኖ ሳለ አመሌን ተውኩት። ከዚያ ማታውን «ተሠርቷል!» ብዬ በኩራት ከሠራተኛው ጋር ተሳፈርኩ።

ዝናብ ነበር። አዲሱ ፓምፕ ጠንካራ ስለሆነ አውቶቡሱ ቤተ ክርስቲያኑን አለፈ። ቶሎሳ በመስታወት አየኝና ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ። ትንሽ ከፍ እንዳለ ያስነጥሰው ጀመር፤ ተንቀጠቀጠ፤ ቆመ። ከኋላ አንዱ «አስካለ፣ አሻሻልሽው! ትናንት ከአቦ በታች ነበር የሚቆመው!» ሲል አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ሌላው «ሴት የነካችው ሞተር…» ብሎ የቀረውን ዋጠው። ሰው በዝናብ እየወረደ ታክሲ ፍለጋ ሄደ። በሥራ ዘመኔ ያን ያህል የተዋረድኩበት ቀን የለም። የከፋው ግን ሳቁ አልነበረም። የከፋው ቶሎሳ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ «በቃ፣ አንቺም ካላገኘሽው እኔ ነኝ ማለት ነው» ያለው ነው።

በማግስቱ አቶ ደምሴ ቢሮ ጠሩኝ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሊቀመጥ ነው፤ ከእኔ የሚፈለገው አንድ ፊርማ ብቻ ነው። «ተሽከርካሪው ምንም ዓይነት የቴክኒክ ብልሽት የለበትም» ከሚለው ጽሑፍ ሥር።

«ይሄን አልፈርምም» አልኩ።

«ፓምፑን አልቀየርሽም?»

«ቀይሬያለሁ።»

«ሁሉን አልፈተሽሽም?»

«ፈትሻለሁ።»

«ብልሽት አገኘሽ?»

«አላገኘሁም።»

«ታዲያ የለበትም ማለት አይደለም?»

«አይደለም አቶ ደምሴ። ብልሽት የለውም ማለትና አላገኘሁትም ማለት ሁለት ነገር ነው። እኔ አላገኘሁትም። እሱን ከጻፉልኝ አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «አስካለ፣ ለዚህ ሰው ብለሽ የራስሽን እንጀራ እንዳታጪ። ይህን ቦታ ለማግኘት ስንት እንዳየሽ አውቃለሁ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። ዛቻው ውስጥ እውነተኛ ማዘንም ነበረበት፤ እሱ ነው ያናደደኝ። «ስንት ያየሁት እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ለመፈረም አይደለም» አልኩና ወጣሁ።

ቶሎሳ ጋራዡ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ልቀቅና ሌላ ሥራ ፈልግ ብለው እንደመከሩት ነገረኝ። «አባቴ ከዚህ ግቢ መሬቱን ትቶ ወጥቷል» አለ። «እኔ ደግሞ ስሜን ትቼ አልወጣም። ያባርሩኝ እንጂ በእግሬ አልወጣም።» ቶሎሳ ያን ያህል ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ምን ቀረኝ? ያልነካሁት ምን አለ? ከሰዓት በኋላ አቶ ደምሴ እንደ ልማዳቸው መጥተው ክዳኑን ከፍተው በእንጨታቸው ሲለኩ አየሁ። ያኔ ነው ጋሽ ተድላ አፍንጫቸውን ደቅነው የታዩኝ። እኔ ያንን ታንከር አንድም ቀን አላሸተትኩትም። ቀረብኩና «አቶ ደምሴ፣ ቁልፉን ለዛሬ ይስጡኝ። መንገድ ላይ ሲቆም ውስጡን ማየት አለብኝ» አልኳቸው።

«ይህ ቁልፍ ከእኔ ኪስ አይወጣም» አሉ። ቆልፈው ሄዱ።

እኔም መዶሻና መሮ በጨርቅ ጠቅልዬ አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ።

ከአቃቂ ተነሣን። ሠራተኛው ሲያየኝ «ዛሬም አለች!» ብሎ ተንሾካሾከ። ቃሊቲን አለፍን። ሳሪስ አቦ ዳገቷ ላይ ያው ማስነጠስ፣ ያው መንቀጥቀጥ፣ ቀጥ። ቶሎሳ ፍሬኑን ሳበና ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ወርጄ ወደ ጎን ሄድኩ። ሰውም ተከተለኝ፤ ጨዋታ የጠማው ሁሉ ከበበኝ። መሮውን ጓጉንቸሩ አንገት ላይ አስደግፌ መዶሻውን አነሣሁ።

«አስካለ፣ ተይ! የድርጅት ንብረት ነው!» አለ ቶሎሳ። «አንቺንም ያባርሩሻል!»

«ያባርሩኝ። አንተ በእግርህ አትወጣም፣ እኔም በእግሬ አልወጣም» አልኩት።

በመጀመሪያው ምት አልተበገረም። በሁለተኛው መሮው ሸርተት ብሎ አውራ ጣቴን ላጠው። ደሜን በቱታዬ ጠርጌ ደገምኩት፤ አንገቱ ተሰበረ። ክዳኑን ጨብጬ ሳብ ሳደርገው እምቢ አለ። ከውስጥ አንድ ሰው አጥብቆ የያዘው ይመስል ነበር። እግሬን አውቶቡሱ ላይ ተክዬ በሁለት እጄ ሳብኩት፤ ለቀቀ።

ታንከሩ ተነፈሰ። ሌላ ቃል የለኝም። ከውሃ ሥር ቆይቶ ብቅ እንዳለ ዋናተኛ አየሩን ሽው አድርጎ ረጅም ሳበው፤ ወደ ውስጥ ገብቶ የነበረው የታንከሩ ጎን ዱብ ብሎ ወደ ቦታው ሲመለስ ከበው የቆሙት ሁሉ ሰሙት። ናፍጣው ሞልቷል፤ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት፣ ንጹሕ ናፍጣ ነው።

«አስነሣው!» ብዬ ጮኽኩ።

ቶሎሳ ሮጦ ገባ። ናፍጣው እስኪደርስ ትንሽ አንገራገረ፤ ከዚያ ሞተሩ ተነሣ። «ያ ዋቃ!» ሲል ሰማሁት፣ በአባቱ ቋንቋ፤ አምላኩን ነው የሚጠራው። በእጁ መሪውን እየደበደበ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን ልደብቀው? ጣቴን አሞኝ ነው ብዬ ግን ተናግሬያለሁ።

ነገሩ ይኸው ነበር። ታንከር ናፍጣ በሰጠ ቁጥር በምትኩ አየር ማስገባት አለበት። የዱሮው ክዳን ላይ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ነበረች፤ የመርፌ ዓይን የምታህል። የእኛ ሰዎች ጠብታ እንዳይወጣ ብለው በላስቲክ ሲደፍኑት፣ አየርም እንዳይገባ ደፈኑት። ፓምፑ እስከቻለው ይስባል፣ ሳሪስ አቦ ሲደርስ አቅሙ ያልቃል። ቆሞ ሲቆይ አየር በትንሽ በትንሹ ሾልኮ ይገባና እንደገና ይነሣል። ጋራዥ ሲመጣ ደግሞ አቶ ደምሴ ለመለካት ይከፍቱታል፤ ባለማወቅ ያድኑታል ማለት ነው። ሌባ ለመያዝ የገባው ጓጉንቸር ነው ብልሽቱን የፈጠረው፤ ብልሽቱ ደግሞ ቶሎሳን ሌባ አስመሰለው።

ይህን ለኮሚቴው ስናገር ተከሳሾቹ ሁለት ሆነናል፤ እሱ በማቆም፣ እኔ በመስበር። የጋሽ ተድላ ነገር ደረሰ፤ ምክንያቱ ትንሽ ሲሆንባቸው ተቀየሙ። «ቀዳዳ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ያሰቃየን ቀዳዳ ነው?» አሉ ሰብሳቢው፣ እንደተሰደበ ሰው። እኔም ጠረጴዛቸው ላይ ከነበረው የፕላስቲክ ውሃ አንዱን ከፍቼ አቀበልኳቸው። «ከንፈርዎን ከአፉ ሳያነሡ ይጠጡልኝ» አልኩ።

ጠጡ። አንድ፣ ሁለት ጉንጭ ወረደ፤ ከዚያ ፕላስቲኩ ተጨማደደ፣ ጎኑ ወደ ውስጥ ገባ፣ ውሃው ቀጥ አለ። ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩኝ።

«ውሃ አለ?» አልኳቸው።

በአፋቸው እንደያዙት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ ለምን አይወርድም? ማን ሰረቀው?»

አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጣ። አቶ ደምሴ ግን አልሳቁም። ፕላስቲኩን ከሰብሳቢው ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩት። ከዚያ ወደ ቶሎሳ ዞረው «ይቅር በለኝ» አሉት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ለዚህ አከብራቸዋለሁ። ናፍጣውን ማን ይወስደው እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤ አህያውን ፈርተው ዳውላውን እንደመቱ ግን ያን ቀን ገባቸው።

ኮሚቴው እንዲያም ሆኖ ለቶሎሳ «ክሱ በማስረጃ እጥረት ተዘግቷል» ብሎ ሊጽፍለት ነበር። ቶሎሳ ወረቀቱን አልቀበልም አለ። እኔም «ምን እጥረት አለ? ማስረጃው ውጭ ቆሟል፣ ሞተሩን ልናስነሣላችሁ?» አልኩ። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ «ጥፋት የለበትም» ብለው ጻፉ፤ ወረቀቱም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። እኔን በተመለከተ ግን ጥፋተኛ ነሽ አሉ። ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ፣ የጓጉንቸሩም ዋጋ ከደሞዜ ይቆረጥ ተባለ። ያንን በደስታ ፈረምኩ። ሰብሬዋለሁ፤ ምን ብዬ እክዳለሁ?

እሑድ ጋሽ ተድላ ዘንድ ሄድኩ፤ ያኔ በሕይወት ነበሩ፣ አቃቂ ባቡር ጣቢያው አጠገብ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ጎበዝ ይሉኛል፣ ይኮሩብኛል ብዬ። እስከ መጨረሻው ሰምተው «ክዳኑን ሳትከፍቺ ፓምፕ ፈታሽ?» አሉኝ።

«ተቆልፎ ነበር እኮ ጋሼ።»

«ታዲያ የተቆለፈውን ትተሽ ክፍቱን መፈተሽ ምን ይባላል?»

ትንሽ አስጨንቀውኝ «እጅሽንስ ታጥበሽ ነበር?» አሉ። አዎ አልኩ። «እንግዲያው ግማሹን ታውቂያለሽ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ የተቆለፈ ነገር ሳይ መጀመሪያ የምነካው እሱን ነው። እስከ ዛሬም።

የስንብቴ ዕለት፣ ከኬኩ በኋላ፣ ንብረት ለማስረከብ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄድኩ። መፍቻዎቼን፣ ቱታዬን አስረከብኩ። የግምጃ ቤቱ ሰው ከቦርሳዬ ውስጥ ጓጉንቸሩን አየና «እትዬ አስካለ፣ ይሄ የድርጅቱ አይደለም እንዴ?» አለ። «አይደለም። ከደሞዜ ተቆርጧል፣ የኔ ነው» አልኩት። ምን እንደምሠራበት ጠየቀኝ። «የግቢዬ በር ላይ እሰቅለዋለሁ» አልኩት፤ ሰቀልኩት።

ቶሎሳም ጡረታ ወጥቷል። ጉልበቱን ያመዋል፤ ቢሆንም በባጃጅ ከአቃቂ ብቅ ይላል። ባለፈው ሳምንት ግቢዬ ውስጥ አንድ ታክሲ ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሞ፣ እኔ እጄን በሳሙና እየታጠብኩ ሳለ፣ ከውጭ ጓጉንቸሩ ሲንቀጫቀጥ ሰማሁ። ሁሌ እንዲያ ነው፤ ሳይነካው አይገባም።

«ዘመናችሁ ተዘጋ ብለዋል አሉ። እዚህስ ክፍት ነው?» አለ ከደጅ።

«ክፍት ነው» አልኩት። «ግባ።»